የደረት ብዕርና የእጅ ብዕር

በአንድ ክረምት መግቢያ ላይ፥ በደብረ ማርቆስ ከተማ ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች ባንደኛው ተራ ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንድ ነገር አየን። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ትንሹ ነገር ትልቁን የሚገልጥበት ጊዜ አለና ከአንባብያን ዘንድ እንዲደርስ ወደድን።

ከስናን በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው፥ ጋቢያቸውን አደግድገው፥ ስለ መሬታቸው ወሰን ያመለከቱበትን ወረቀት ይዘው ከባለሥልጣኑ ፊት ቆሙ። ባለሥልጣኑ በኮታቸው የደረት ኪስ ላይ አራት ብዕሮች በሰልፍ ሰክተዋል፤ ያንዱ ማንጠልጠያ ወርቅማ ነው፤ ያንዱ ክዳን ጥቁር ሆኖ በራሱ ላይ ነጭ ምልክት አለበት፤ የቀሩትም ቢሆኑ ከነዚህ የሚያንሱ አልነበሩም። ወረቀቱን አይተው ሊፈርሙ የመጀመሪያውን ብዕር መዘዙ፤ ደርቋል። ሁለተኛውን መዘዙ፤ ነቀነቁት፥ በወረቀት ጠርዝ ላይ ሞከሩት፤ እርሱም ደርቋል። ሦስተኛው ቀለም አልተሞላበትም። አራተኛውን ለመሞከር ሳይደፍሩ ቀና አሉና «አባት፥ እስክሪብቶ ይዘዋል?» ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌውም እጅ ነሥተው «እኔ እንኳ ጌታዬ፥ ፊደል አልቈጠርሁም፤ ከርስዎ ዘንድ ብዕር አይታጣም ብዬ ባዶ እጄን መጣሁ» ሲሉ መለሱ።

በወንበር ላይ የተቀመጥነው ሁሉ አንገታችንን ደፋን። ከባለጉዳዮቹ መካከል አንዲት ተማሪ ከደብተሯ ውስጥ ርካሽ እስክሪብቶ አውጥታ ሰጠች፤ ፊርማው በዚያች እስክሪብቶ ተፈረመ። ሽማግሌው ልጅቱን መርቀው በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። እኛም የመጣንበትን ጉዳይ ጨርሰን ወደ ቤታችን ስንመለስ የሽማግሌው ቃል ከጆሯችን አልጠፋ አለን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን እርሱ ነው።

ገና ከመነሻው አንባቢ እንዳይሳሳትብን የምንከራከርበትን ነገር ለይተን እናስቀምጥ። ውድ ብዕር መያዝ ኀጢአት ነው አንልም። ብዕር ማብዛትም ነውር ነው አንልም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ራሱ ሦስት ባለ ቀለም ብዕሮች አሉት፤ ሦስቱንም ይወዳቸዋል። የምንነቅፈው ሌላ ነገር ነው። በመካከላችን ሁለት ዓይነት ብዕር አለ፤ አንዱ የእጅ ብዕር፥ ሁለተኛው የደረት ብዕር ነው። የእጅ ብዕር ይጽፋል፤ የደረት ብዕር ይታያል። የእጅ ብዕር ዋጋው በጻፈው ገጽ ይቈጠራል፤ የደረት ብዕር ዋጋው በተገዛበት ገንዘብ ይነገራል። ብዕርን ከእጁ ወደ ደረቱ ያዛወረ ሰው የሥራ መሣሪያን ኒሻን አድርጎታል፤ ኒሻን ግን ለሠራ ሰው ይሰጣል እንጂ ከሱቅ አይገዛም። አባቶቻችን «ጌጥ ያለ ቤቱ ቁምጥና ነው» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ምናልባት ይህ ልማድ ካለፈው ትውልድ የወረስነው ይሆንን ብለን ወደ ኋላ ተመለከትን። አልወረስነውም። በአገራችን ብዕር ለብዙ ዘመን የጸሐፊ ዕቃ እንጂ የጌታ ምልክት አልነበረም። ንጉሡ ወይም መኰንኑ ደብዳቤ ሲልክ ቃሉን በአፉ ይናገራል፤ ጸሐፊው ይጽፋል፤ ለደብዳቤው እውነተኛነት የሚመሰክረውም ማኅተሙ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትር የሆኑት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ፥ የንጉሠ ነገሥቱን ታሪክ የጻፉ የብዕር ሰው ነበሩ። ማዕርጋቸውም ሥራቸውን ይናገር ነበር፤ «ጸሐፌ ትእዛዝ» ማለት ትእዛዝን የሚጽፍ ማለት ነውና። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ታላቁ ሰው ብዕር ሳይዝ ይታያል፤ ብዕር የያዘው ሰው ደግሞ ሲጽፍ ይታያል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ ብዕር የሚያበዛው ብዙ የማይጽፈው ሰው ሆነ።

በጎጃም የነበረውን የብራና ጸሐፊ ደግሞ እንመልከት። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎቹ ገዳማትና አድባራት ጸሐፊው የመቃ ብዕሩን በካራ ይቀርጻል፤ ጫፉን ይሰነጥቃል፤ ከጥላሸትና ካረረ እህል የቀመመውን ጥቁር ቀለም በቀንድ አድርጎ ቀንዱን ከአጠገቡ መሬት ላይ ይተክላል፤ ብራናውን በወስፌ አስምሮ በጉልበቱ ላይ ይዘረጋና ይጽፋል። ቢሳሳት ስሕተቱን በካራ ይፍቃል። አንድ መጽሐፍ ለመፈጸም ወራት ይፈጅበታል። ይህ ሰው የያዘው ብዕር አንድ ብቻ አልነበረም። የእግዚአብሔርን፥ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ስለሚጽፍ፥ ቀዩ ከጥቁሩ እንዳይደባለቅበት ለያንዳንዱ ቀለም የተለየ ብዕር ነበረው። ስለዚህ «ብዕር ማብዛት ከፈረንጅ የመጣ ትዕቢት ነው» የሚሉን ሰዎች ተሳስተዋል። ብዕር ማብዛት በአገራችን የቈየ ነገር ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ብዕር ሥራ ነበረው። ጸሐፊው «ሁለተኛው ብዕር ለምንህ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ቀዩን መስመር በጣቱ ያሳይ ነበር። ያ የደብረ ማርቆስ ባለሥልጣን «አራተኛው ብዕር ለምንዎ ነው?» ተብለው ቢጠየቁ ምን ያሳዩ ነበር?

ከተማችን ራሷ በጸሐፊ ስም የምትጠራ መሆኗንም ልናስታውስ ይገባል። ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ በተባሉት በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ግን ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የተነሣ ደብረ ማርቆስ ተባለች። ማርቆስ ወንጌላዊ ነው፤ ወንጌላዊነቱ የታወቀውም በጻፈው መጽሐፍ ነው። በጥንት የወንጌል ብራናዎች ላይ አራቱ ወንጌላውያን ሲሳሉ ተቀምጠው፥ ቀለማቸው ከአጠገባቸው ሆኖ፥ ብዕራቸውን ይዘው ሲጽፉ ይታያሉ። ሠዓሊው ብዕሩን የሣለው በእጃቸው ላይ ነው። በደረቱ ላይ ብዕር ተሰክቶለት እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ወንጌላዊ አላየንም።

ቀለሙን በሆዱ የሚይዘው የዛሬው ብዕርስ ከየት መጣ? በአሜሪካ አገር ሉዊስ ዋተርማን የተባለ ሰው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1884 ቀለሙን በልክ የሚያወርድ ብዕር ሠርቶ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ከ4 ዓመት በኋላ በ1888 ጆርጅ ፓርከር የብዕር ኩባንያ አቋቋመ። ፓርከር የቴሌግራፍ ትምህርት መምህር ነበር፤ ገቢውን ለመደጐም ለተማሪዎቹ ብዕር ይሸጥላቸው ነበር፤ ብዕሮቹም እየፈሰሱና እየተበላሹ ስላስቸገሯቸው ሲጠግን ቈይቶ የተሻለ ብዕር ወደ መሥራት ገባ። እዚህ ላይ መምህራን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። በአገራችን የክብር ምልክት እስከ መሆን የደረሰው የፓርከር ስም የመጣው የተማሪዎቹን ብዕር ቁጭ ብሎ ይጠግን ከነበረ መምህር ነው። መሣሪያው የተፈለገው ብዙ ለመጻፍ፥ ሳይቋረጡ ለመጻፍ፥ ከቀለም ጠርሙስ ጋር ከመመላለስ ለመዳን ነበር።

በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። ሃንጋሪያዊው ላዝሎ ቢሮ በ1938 ጫፉ ላይ ጥይት መሰል ድብልብል ያለበትን ብዕር የባለቤትነት መብት አወጣበት፤ በ1950 ደግሞ በፈረንሳይ ቢክ የተባለው ርካሽ እስክሪብቶ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው በጥቂት ሳንቲም መጻፍ ቻለ። ለሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውዱ ብዕር በዚያን ጊዜ ያበቃለት ነበር፤ እርሱ ግን መልኩን ለውጦ የሀብትና የማዕርግ ዕቃ ሆነ። ከርካሹ እስክሪብቶ 2 ዓመት በኋላ በ1952 የጀርመኑ ሞንብላን ኩባንያ 149 የተባለውን ወፍራም ብዕር አወጣ። በወርቅ ጫፉ ላይ የተቀረጸው 4810 የሚለው ቍጥር የሞንብላን ተራራ ከፍታ በሜትር ነው። የዚህ ብዕር ዋጋ በብር ሲመነዘር የአንድ ጀማሪ መምህር የብዙ ወር ደመወዝ ነው። እንዲህ ያሉ ሦስትና አራት ብዕሮች በአንድ ደረት ላይ ሲሰለፉ የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን የወር ደመወዝ በአንድ ኪስ ተሰካ ማለት ነው።

እኛ ግን በክርክራችን የብዕሩን ባለቤት ብቻ ሳይሆን ብዕሩን ራሱን ለምስክርነት እንጠራለን። ባለ ቀለም ብዕር ሥራ ፈትነትን አይታገሥም። ቀለሙ በውስጡ ባለው ጠባብ ቦይና በጫፉ ስንጥቅ በኩል እየተሳበ ይወርዳል፤ በምትኩ ጥቂት ጥቂት አየር ይገባል። ብዕሩ በየቀኑ ሲጽፍ ቦዩ በአዲስ ቀለም ይታጠባል። ሳይጽፍ ሲቀመጥ ግን የቀለሙ ውሃ ይተናል፤ ማቅለሚያው ብቻውን ይቀርና ቦዩን ይዘጋል። እስክሪብቶ ከመሳቢያ ውስጥ ወራት ተቀምጦ ሊጽፍ ይችላል፤ ባለ ቀለም ብዕር ግን ባለቤቱ እንደማይጽፍ በአደባባይ ይመሰክርበታል። የዚያን ቀን በደብረ ማርቆስ የሆነው ይኸው ነው። አራቱ ብዕሮች አልተበላሹም ነበር፤ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ቢታጠቡና ቀለም ቢሞላባቸው ሁሉም ይጽፋሉ። የደረቀው የባለቤታቸው ልማድ ነው።

እዚህ ላይ ሌላውን ሰው ብቻ እንዳልወቅስ ስለ ራሴ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስቱን ብዕሮቼን በአዲስ ኮት ኪስ ሰክቼ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ተነሣሁ። በደብረ ማርቆስ የሚጠብቀኝ ስብሰባ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ብዕሮቹን የያዝኋቸው ለስብሰባው ልጽፍባቸው ሳይሆን በስብሰባው እንዲታዩልኝ ነው። ሦስቱም ከግማሽ በታች ቀለም ነበራቸው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ በረታብኝና ኮቴን አውልቄ፥ አጥፌ፥ በሻንጣዬ ላይ አጋደምሁት። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ የሆነውን ያወቅሁት ከደረስሁ በኋላ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን የውጭው አየር ይሳሳል፤ በብዕሩ ውስጥ የተዘጋው አየር ግን ይሰፋል፤ ሲሰፋም ከፊቱ ያለውን ቀለም ይገፋል። ብዕሩ ቀጥ ብሎ ጫፉ ወደ ሰማይ ቢሆን አየሩ ብቻውን ይወጣ ነበር፤ ቢጋደም ግን ቀለሙን ይዞት ይወጣል። ኮቴን ስለብስ በልቤ በኩል የመዳፍ ያህል ሰማያዊ ምልክት ነበር። በስብሰባው ላይ ከብዕሮቼ ይልቅ ምልክቱ ታየልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዕር ሞልቼ ወይም ባዶ አድርጌ፥ ጫፉን ወደ ላይ አቁሜ እንጂ አልጓዝም፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ የምጽፍበትን ያህል እንጂ አልይዝም።

አሁን የሚከራከሩንን ሰዎች ቃል እንስማ። አንደኛዎቹ «በገዛ ገንዘቤ ገዝቼ ብሰካ ለናንተ ምን አገባችሁ?» ይላሉ። በቤትዎ ቢሆን ምንም አይገባንም። ነገር ግን የሕዝብ አገልጋይ በሥራው ወንበር ላይ በተቀመጠ ጊዜ ከፊቱ ያለው ባለጉዳይ የሚያየው ሁሉ ንግግር ነው። ከማቻከል ወይም ከጎዛምን በሌሊት ተነሥቶ የመጣ ገበሬ በደረት ላይ አራት ብዕር ሲያይ «ይህ ሰው ብዙ የሚጽፍ ነው፤ ጉዳዬም ይጻፍልኛል» ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ብዕሩ ተስፋ ሰጥቷል ማለት ነው። ተስፋውን ሰጥቶ የማይፈጽም ብዕር የገንዘቡ ባለቤት ማንም ይሁን ማን ዕዳ አለበት።

ሁለተኛዎቹ «ጥሩ መሣሪያ ጥሩ ጽሕፈት ያወጣል» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ እኛም እናምናለን። ጥሩ ባለ ቀለም ብዕር ወረቀቱን ሳይጫኑት ስለሚጽፍ እጅን አያደክምም፤ የስድሳ ተማሪ ደብተር በአንድ ምሽት የሚያርም መምህር ይህን ያውቀዋል። የፊደላችንም ቅርጽ፥ ቀጥ ያለው እግርና የታጠፈው አንገት፥ በተሰነጠቀ ጫፍ ሲጻፍ ልዩ ውበት አለው፤ መጀመሪያውኑ በተሰነጠቀ መቃ ሲጻፍ የኖረ ነውና። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚጽፈውን ሰው ይረዳዋል እንጂ የማይጽፈውን አይረዳውም። በጥሩ መሣሪያ የሚመካ ሰው የሠራበትን ያሳየን። ማረሻው የሚያብረቀርቅ ገበሬ ከማረሻው ይልቅ በትልሙ ይመሰገናል።

ሦስተኛዎቹ «ለወንበሩ ክብር ነው፤ ታላላቅ ሰዎችም ብዙ ብዕር ይይዛሉ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ታላላቅ ሰዎች በብዙ ብዕር የፈረሙበት ጊዜ አለ። በፈረንጅ አቈጣጠር መስከረም 2 ቀን 1945 ጄኔራል ማክአርተር የጃፓንን እጅ መስጠት የተቀበለበትን ሰነድ በብዙ ብዕሮች ፈረመ፤ ከነዚህም ለጃፓን ምርኮኞች ሆነው ለቈዩት ለጄኔራል ዌንራይትና ለጄኔራል ፐርሲቫል ሰጣቸው። በ1964 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የዜጎችን እኩልነት የሚያጸናውን ሕግ ከ70 በላይ በሆኑ ብዕሮች ፈርሞ ብዕሮቹን ስለ ሕጉ ለደከሙ ሰዎች አደለ፤ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግም አንዱን ተቀበለ። አንባቢ ልብ ይበል፤ እነዚህ ብዕሮች በፈራሚው ደረት ላይ አልቀሩም። እያንዳንዱ ጽፏል፤ ከጻፈም በኋላ ክብሩ ወደ ደከመው ሰው ሄዷል። እንዲህ ከሆነ ብዕር ሰባም ቢሆን አይበዛም።

አራተኛዎቹ ደግሞ በሌላው ወገን ቆመው «በኮምፒዩተር ዘመን ስለ ብዕር መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው» ይሉናል። ኮምፒዩተር በየመሥሪያ ቤቱ መግባቱን እናውቃለን፤ ደስም ይለናል። ነገር ግን ስለ ወሰኑ የመጣው ገበሬ ወረቀት ዛሬም ፊርማና ማኅተም ይጠብቃል። በገጠር ትምህርት ቤት ያለው ተማሪ ዛሬም የሚማረው፥ የሚፈተነውም በደብተርና በእስክሪብቶ ነው። ስለዚህ ብዕር እንዴት እንደሚያዝ መነጋገር ጊዜው አላለፈበትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን በተማሪዎች ላይ የሚመጣው ጉዳት ነው። ልጅ የሚማረው ከተነገረው ይልቅ ካየው ነው። መምህሩ ሦስት ውድ ብዕር ሰክቶ በክፍል ውስጥ ሲመላለስ፥ ነገር ግን በደብተሩ ላይ ከአንድ የእርማት ምልክት በቀር ምንም ሳይጽፍለት ሲቀር፥ ልጁ የሚማረው «ትምህርት ማለት በደረት የሚታይ ነገር ነው» የሚለውን ነው። ሁለት ወንድማማቾች አንዲት እስክሪብቶ ለጠዋትና ለከሰዓት ፈረቃ እየተቀባበሉ በሚማሩበት አገር ይህ ትምህርት መራራ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ትምህርቱን ለፈጸመ ልጅ ፓርከር ብዕር መሸለም ትልቅ ክብር ነበር፤ ብዙዎቹ ተሸላሚዎች ግን እንዳያልቅባቸው ሲሉ ከሣጥን ቈልፈውበት፥ ሲያወጡት ቀለሙ ደርቆበት አግኝተውታል። ሸላሚው «ጻፍበት» ብሎ የሰጠውን «አስቀምጠው» እንዳለ አድርገን ተቀበልነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ እንግዲህ ነገሩን በቅኔ ቤት ሚዛን እንመዝነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔው ተማሪ ሌሊት ከጎጆው ወጥቶ፥ ደበሎውን ተከናንቦ፥ ቅኔውን በልቡ ይቈጥራል፤ ብዕር አይዝም፤ ወረቀት አይዝም። ሲነጋ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይቀኛል፤ መምህሩም ያርመዋል። ሐሳብ ያለ ብዕር ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ብዕር ያለ ሐሳብ ሊኖር እንደሚችል ደግሞ የደረት ኪሶቻችን ያስረዳሉ። የቅኔ መምህር ተማሪውን «ሰሙ አምሯል፤ ወርቁ የት አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እኛም ባለ ወርቁን ብዕር እንዲሁ እንጠይቀዋለን። በብዕሩ ጫፍ ላይ ያለው ወርቅ ሰም ነው፤ ወርቁ በብዕሩ የተጻፈው ነገር ነው። ሰሙን ብቻ ይዞ ወርቅ አለኝ የሚል ሰው ቅኔው ጐድሎበታል።

ከዚሁ ከኛው አካባቢ የወጡትን ጸሐፍት እንመልከት። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ማርቆስ በማይርቀው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በ1902 ዓ.ም. ተወልደው በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። በጠላት ወረራ ጊዜ ዘምተው ተማርከዋል፤ በኢጣልያም ታስረዋል፤ ከነጻነት በኋላ በታላላቅ የመንግሥት ሥራ ላይ ነበሩ። ይህ ሁሉ ሥራ ሳያግዳቸው በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። ያን መጽሐፍ ያነበብን ሁሉ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል አልቅሰናል፤ ስለ ጉዱ ካሣ ተከራክረናል፤ ደራሲው በምን ብዕር እንደ ጻፉት ግን ጠይቀን አናውቅም። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤም ቴአትርና መዝሙር ሲደርስ በየትኛው ብዕር እንደ ደረሰ የሚጠይቅ የለም። የጻፈ ሰው ብዕሩ ይረሳል፤ የብዕሩ ስም የሚነሣው ሌላ የሚነሣ ነገር ሲጠፋ ነው።

ነቅፎ ብቻ መተው መልካም ስላልሆነ ቍርጥ ያለውን አሳባችንን እናቅርብ። ብዙ ብዕር መያዝ የሚወድ ሰው ይያዝ፤ ነገር ግን ለያንዳንዱ ሥራ ይስጠው። አንዱ ለረቂቅ፥ አንዱ ለተፈጸመው ጽሑፍ፥ አንዱ በቀይ ቀለም ለእርማት ይሁን፤ የብራና ጸሐፊው ያደረገውም ይህንኑ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይጽፍ የሰነበተ ብዕር ከደረት ይውረድ፤ ታጥቦ ይቀመጥ፤ ወይም ለሚጽፍ ሰው ይሰጥ። መምህር ብዕሩን ከተማሪው ደብተር ጋር ያስተዋውቀው፤ ከምልክቱ አጠገብ ስሕተቱ ምን እንደ ሆነ በአንድ መስመር ይጻፍለት። ተማሪም ብዕር ቢሸለም በዚያኑ ቀን ይጻፍበት።

ባለሥልጣን ግን ከሁሉ የበለጠ ዕዳ አለበት። ዛሬ በብዙ ወረቀት ጠርዝ ላይ የምናነበው «ይታይ»፥ «ለሚመለከተው» ወይም ፊርማ ብቻ ነው። ይህ ቃል ገበሬውን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይወስደዋል፤ ክፍሉም ምክንያቱን ስለማያውቅ «ነገ ይመለሱ» ይለዋል። ከጮቄ ሥር ለመጣ ሰው «ነገ» ማለት ሁለት ቀን መንገድ፥ የአንድ ሌሊት ማደሪያ፥ ያልታረመ ማሳ ነው። በዚያው ብዕር ሁለት መስመር ተጨምሮ «ወሰኑ በእንዲህ ያለ ምክንያት ይታይለት፤ እስከዚህ ቀን መልስ ይሰጠው» ተብሎ ቢጻፍ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር። ሁለት መስመር ለመጻፍ የሚያልቀው ቀለም ጠብታ አይሞላም፤ ለገበሬው ግን የሳምንት ሥራ ያተርፍለታል። ውድ ብዕር ያለው ሰው በብዕሩ መኵራት ከፈለገ የሚኰራበት ስፍራ ይህ ነው።

ያ የስናን ሽማግሌ ዛሬ ወሰናቸው ተከብሮላቸው ይሁን አይሁን አናውቅም። የተፈረመላቸው በተማሪዋ እስክሪብቶ ነበር፤ ከፊርማው በላይ ምክንያት አልተጻፈም፤ ስለዚህ ሳይመለሱ አልቀሩም ብለን እንፈራለን። ተመልሰው መጥተው እንደ ሆነ፥ ከርሳቸው ፊት የሚቀመጠው ሰው አንድ ብዕር ይበቃዋል፤ በውስጡ ቀለም ይኑረው፥ ከእጁም ላይ ይሁን።